በሌሊት ማንን እንጥራ?
የቤት ጸጥታና የጥበቃ ታሪክ ባጭሩ

የሰው ልጅ ቤት የሚሠራው ስለ ሦስት ነገር ነው፤ ከዝናብና ከፀሐይ ለመጠለል፥ ልጆቹን ለማሳደግ፥ ሌሊትም ያለ ሥጋት ዓይኑን ለመክደን። ከነዚህ ከሦስቱ የመጨረሻው የጎደለ እንደ ሆነ የቀሩት ሁለቱ ደስታ አይሰጡም። ጣራው ቢያምር፥ ግድግዳው ቢጠነክር፥ ባለቤቱ በጨለማ ኮሽ ባለ ቁጥር ከአልጋው የሚነሣ ከሆነ ያ ቤት ማደሪያ እንጂ ማረፊያ ሊባል አይችልም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሴ ቤት የደረሰ አንድ ትንሽ ነገር ነው። የምኖረው በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ ከአጠና ተራ ከፍ ብሎ በሚገኝ መንደር ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፥ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ያመሸው ዝናብ ጋብ ሲል፥ የግቢያችን አጥር ሲንኮሻኮሽ ሰማን። ውሻችን ሁለት ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። የውሻው ዝምታ ከጩኸቱ ይበልጥ አስፈራን። ባለቤቴ ልጃችንን አቅፋ ከግድግዳው ተጠጋች፤ እኔም ስልኬን አንሥቼ ወደ ፖሊስ በነጻው ቍጥር በ991 ደወልሁ። ያለሁበትን ስፍራ በማስረዳት ላይ ሳለሁ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን የአባባ ድምፅ ተሰማ። «በሕግ አምላክ! ማነህ? በሕግ አምላክ ቁም!» አሉ። ዕድሜያቸው ሰባ አምስትን ያለፈ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን በዚያ ሌሊት የወጣት ድምፅ ነበር። ወዲያው የቀሩት ጎረቤቶች ባትሪ እያበሩ ወጡ፤ ሰውየውም አጥሩን ዘሎ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ፖሊሶቹ መጡ።

ሁሉ ነገር ከተረጋጋ በኋላ ስምንት ዓመት የሆነው ልጄ፥ «አባዬ፥ ስልክ ባልነበረ ጊዜ ሰው ሌሊት ማንን ይጠራ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። በማግሥቱም እኔ በተራዬ አባባን፥ «ስልክ በኪስዎ እያለ ስለ ምን አልደወሉም?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ እኛ በሌሊት ማን እንደሚመጣ ሳናውቅ አንጠራም» ብለው መለሱልኝ።

የልጁ ጥያቄና የሽማግሌው መልስ ከአእምሮዬ አልወጡም። አንዱ የሚጠይቀው ማን ይደርስልናል ብሎ ነው፤ ሌላው የሚጠይቀው የሚደርሰው ምን ዐይነት ሰው ነው ብሎ ነው። የአገራችን የሌሊት ጥበቃ ታሪክ በነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል የተጓዘ ስለሆነ፥ ባጭሩ ለአንባብያን ላቀርበው ወደድሁ።

የቀድሞው ሥርዓት

ፖሊስ የሚባል ድርጅት ሳይቋቋም አባቶቻችን የሌሊቱን ጥበቃ የሚያካሂዱት በአጥር፥ በውሻና በጎረቤት ነበር። ከሦስቱም የሚበልጠው ጎረቤት ነው። በገጠር ሌባ ወይም ሽፍታ በመጣ ጊዜ የቤቱ ባለቤት «ኡኡ!» ብሎ ይጮኻል፤ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ጦሩን ወይም ዱላውን ይዞ መድረስ ግዴታው ነበር። ጩኸት ሰምቶ ያልደረሰ ሰው በመንደሩ ዘንድ የተናቀ ይሆናል፤ ነገ በራሱ ላይ በደረሰ ጊዜ የሚደርስለት አያገኝምና። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ምሳሌም ትርጕሙ የሚገለጠው ከሁሉ ይልቅ በሌሊት ነው።

ከጩኸቱም ሌላ አንድ ታላቅ ቃል ነበር፤ ይኸውም «በሕግ አምላክ» የሚለው ነው። በዚህ ቃል የተጠራ ሰው ጌታም ይሁን ሎሌ ካለበት እንዲቆም ይገደድ ነበር። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባላል። ቃሉን የሰማ መንገደኛም በመካከላቸው ገብቶ ነገሩን ለመስማት፥ ካልሆነለትም ወደ ዳኛ ለማድረስ ይችላል። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፥ ቁራኛ ሆነው ዳኛው ዘንድ ይሄዱ ነበር። አገራችንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች ይህን አይተው ተደንቀዋል፤ በብዙ አገር ሰውን ለማቆም የታጠቀ ወታደር ሲያስፈልግ፥ በኢትዮጵያ ግን አንድ ቃል ይበቃ ነበርና።

ነገር ግን ያለፈውን ሁሉ ማመስገን የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። የቀድሞው ሥርዓት ብርቱ ጕድለትም ነበረበት። ሌባው ሳይታወቅ በቀረ ጊዜ አውጫጭኝ ይደረግ ነበር፤ በሌላ ስሙም አፈርሳታ ይባላል። በዚህ ሥርዓት የአገሩ ወንዶች ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስም ማንም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይከለከላል። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ ሌባው ያልተገኘ እንደ ሆነ የጠፋውን ዕቃ ዋጋ አገሬው በጋራ የሚከፍልበት ጊዜ ነበር። እርሻው ጾም ያደረበት፥ ከብቱ ሳይታለብ የዋለበት ንጹሕ ሰው ብዙ ነው።

ከዚህም የከፋው ሌባ ሻይ ነበር። ለአንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት አጠጥተው በወገቡ ላይ መቀነት ያስሩና ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ ከገባበትና ከወደቀበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። እንግዲህ አንድ ድኻ በቤቱ በሰላም ተኝቶ ሳለ የሰከረ ልጅ ከደጁ ስለ ወደቀ ብቻ ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ልማድ በጊዜው ሊወገድ የተገባ ነበር፤ ተወገደም። ሌባ ሻይ የሚያስተምረን ቁም ነገር ግን አልተወገደም፤ ሌባን ለመያዝ ሲባል ማንኛውም በር የሚከፈት ከሆነ፥ ከሌባውና ከሌባ ያዡ የትኛው ይበልጥ እንደሚያስፈራ ለመለየት ያስቸግራል።

ሌሊት ከቀን የተለየ መሆኑን የጥንት ሕግጋትም ያውቁታል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ ቤት ሲሰረስር በሌሊት ተመትቶ የሞተ ሌባ ደሙ በገዳዩ ላይ እንደማይቈጠር፥ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን እንደሚቈጠር ተደንግጓል። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ በጨለማ የመጣውን ሰው ማንነቱንና አሳቡን የቤቱ ባለቤት ሊያውቅ አይችልም። ብርሃን በሆነ ጊዜ ግን መጥራት፥ ማወቅና ለዳኛ ማቅረብ ይቻላል። የሌሊት ፍርሃት ዋና ሥሩ ይህ የመጣውን ሰው ለይቶ አለማወቅ ነው።

አዲስ አበባና ዘበኛዋ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቈረቈረች ጊዜ ይህ የቀድሞ ሥርዓት እንዳለ ወደ ከተማዪቱ ገባ። ከተማ ግን እንደ ገጠር አይደለም። ከየአውራጃው የመጣ ወታደር፥ ነጋዴ፥ የእጅ ባለሙያና ሥራ ፈላጊ ጎን ለጎን ሰፈረ። የጎረቤቱን ስም እንጂ ዘሩንና አመሉን የማያውቅ ሰው በዛ። «ኡኡ!» ቢባል የሚደርሰው ማን እንደ ሆነ፥ የደረሰውም ሊረዳ ይሁን ሊዘርፍ መምጣቱ የማይታወቅበት ጊዜ መጣ። በአራዳ ገበያ ዙሪያ ያለው የሕዝብ ብዛትና የሸቀጡ ክምችት ደመወዝ ተቀብሎ የሚጠብቅ ሰው እንዲኖር አስገደደ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላ የመንግሥት ሥራ በየክፍሉ እየተደለደለ ሲሄድ፥ ለከተማዪቱም የአራዳ ዘበኛ የሚባለው ጠባቂ ተመደበላት። የዛሬው የከተማ ፖሊስ አያት ይህ ነው ለማለት ይቻላል።

ስልክም በዚያው ዘመን ገባ። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የአዲስ አበባና የሐረር መስመር በአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ መጀመሪያ ተብሎ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ስልኩ የቤተ መንግሥትና የሹማምንት መነጋገሪያ ነበር። በሌሊት ለሚፈራ ተራ ሰው የሚያገለግል አልነበረም። አንድ መሣሪያ በአገር ውስጥ መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ ድኻው በጨለማ ሊነካው መቻሉ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል በአገራችን ከመቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ አልፏል።

ጠባቂ የጠፋበትና ጠባቂ ያጠፋበት ጊዜ

የጥበቃ ጥቅም በይበልጥ የሚታወቀው በታጣ ጊዜ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ፤ የጣሊያን ጦር ከተማዪቱን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በመካከሉ በነበሩት ቀናትና ሌሊቶች አዲስ አበባ ባለቤት አልነበራትም። ሱቆች ተዘረፉ፥ ቤቶች ተቃጠሉ፥ ጥይት ያለ ማቋረጥ ተተኰሰ። የውጭ አገር ሰዎች በየሌጋሲዮናቸው ተጠለሉ። ሌጋሲዮን የሌለው የከተማው ሕዝብ ግን በየቤቱ በሩን ደግፎ አነጋ። ዳኛ የሌለ መሆኑ ከታወቀ «በሕግ አምላክ» ቢባል የሚቆም እንደማይገኝ ያን ጊዜ ታየ። ቃሉ ኃይል የነበረው ከኋላው የሚቆም ሥልጣን ስለነበረ ነው።

አንድ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት የከተማው ሕዝብ ተጨፈጨፈ፤ የድኾች ጎጆዎች ሰው በውስጣቸው ሳለ እሳት ተለቀቀባቸው። በሚያዝያ 1928 ሰው የፈራው ሥልጣን ያለው ስለጠፋ ነበር፤ በየካቲት 1929 ግን የገደለው ያው ሥልጣን ያለው ነው። ከነዚህ ከሁለቱ ወራት የምንማረው የጸጥታ ጠላት ሁለት መሆኑን ነው፤ አንደኛው ጠባቂ ማጣት፥ ሁለተኛው ልጓም የሌለው ጠባቂ ነው።

ከነጻነት በኋላ ፖሊስ በአዋጅ ተቋቋመ። በ1934 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የፖሊስ አዋጅ ቍጥር 6 በየስፍራው የነበረውን የጥበቃ ሥራ በአንድ የፖሊስ ሠራዊት ሥር አደረገው፤ ሠራዊቱም ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ተጠሪ ሆነ። ከዚህ በኋላ ሌባ መያዝ የአገሬው የጋራ ዕዳ መሆኑ ቀርቶ ደመወዝተኛና ኃላፊ ያለበት የመንግሥት ሥራ ሆነ።

ልጓሙም ቀስ በቀስ ተሠራ። በ1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት በሕግ ከተወሰነው በቀር የሰው ቤት እንዳይፈተሽ አስቀድሞ ደንግጎ ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውም ይህንኑ አጸና። ከሁሉ ይልቅ ግን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነገሩን በሰዓት ለክቶ አስቀመጠው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚደረግ ብርበራ ፍርድ ቤቱ በሌላ አኳኋን ካላዘዘ በቀር ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲፈጸም አዘዘ። የዚህ ድንጋጌ መንፈስ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ አንባቢ ያስተውል። ሕጉ ፖሊስን፥ «ሌሊት ስትጠራ ድረስ፤ ሳትጠራ ግን ሌሊት የሰው በር አትምታ» እንደ ማለቱ ነው።

ኮልፌና እንግዳው

በዚያው በ1954 ዓ.ም. ወደ ኮልፌ አንድ እንግዳ መጥቶ ነበር። በኮልፌ የነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር በከተማው ሁሉ የታወቀ ነው፤ የሰፈራችን ስም በውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ኔልሰን ማንዴላ ከደቡብ አፍሪካ በስውር ወጥተው፥ በአዲስ አበባ በተደረገ የአፍሪካ ነጻነት ታጋዮች ጉባኤ ላይ ከተናገሩና ሌሎችንም አገሮች ከጎበኙ በኋላ ተመልሰው በኮልፌ የጦር ትምህርት ጀመሩ። ተኵስን፥ ፈንጂ አያያዝንና የረዥም ጕዞ ልምምድን ከኢትዮጵያ መኰንኖች ተማሩ፤ ከነዚህም መካከል በኋላ ጄኔራል የሆኑት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ይገኙበታል። ለስድስት ወር ታስቦ የነበረው ትምህርት ሳይፈጸም ከአገራቸው ጥሪ ስለ መጣባቸው ተመለሱ፤ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ፤ ከዚያም 27 ዓመት በእስር ኖረው የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ተፈቱ። የኮልፌን ነገር በሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል።

ይህን ያነሣሁት ለሰፈሬ ኵራት ብቻ ብዬ አይደለም። በዚያን ጊዜ በደቡብ አፍሪካ ለነበረው ጥቁር ሕዝብ የፖሊስ መምጣት ማለት ምን ነበር? ፖሊስ በሌሊት በሩን እየደበደበ ገብቶ፥ ሰውን ከአልጋው አስነሥቶ የይለፍ ወረቀት ይጠይቅ ነበር፤ ወረቀት የሌለው ሰው ይታሰራል። ለዚያ ሕዝብ «ፖሊስ ጥራ» ማለት «አውሬ ጥራ» እንደ ማለት ነው። የዚያ ሕዝብ ልጅ ግን በኮልፌ በፖሊስ ሰፈር ውስጥ እንግዳ ሆኖ፥ ፖሊሶችን ጠባቂው አድርጎ ተኛ። ልብሱ አንድ ዐይነት፥ ጠመንጃውም አንድ ዐይነት ሊሆን ይችላል፤ ሰውን በሰላም የሚያስተኛው ግን ልብሱና ጠመንጃው ሳይሆን፥ የለበሰው ሰው የሚያገለግለውና የሚገዛበት ሕግ ነው።

«ፈጥኖ ደራሽ» የሚለውም ስም ሊታሰብ የሚገባው ነው። ይህ ጦር የተቋቋመው ሁከትን ለመበተን ነው እንጂ ለመንደር ሌባ አይደለም። ሆኖም በሌሊት በጨለማ የተቀመጠ ሰው የሚመኘውን ነገር ከነዚህ ከሁለት ቃላት የተሻለ የሚገልጥ የለም። ፈጥኖ የማይደርስ ጠባቂ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚያሰኝ ነው።

የመፍጠን ጕዳይ በሌላውም አገር በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በለንደን ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 በአንድ ሐኪም ቤት ውስጥ በተነሣ ቃጠሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። እሳቱን ያየ ጎረቤት ወደ እሳት አደጋ ሲደውል የስልክ ማዞሪያው ተራ አስጠብቆት ነበር። በዚህ ምክንያት ጥያቄ ተነሥቶ፥ በ1937 የ999 ቍጥር ተጀመረ። ይህ ቍጥር በተመታ ጊዜ በማዞሪያው ቤት ቀይ መብራት ይበራል፥ ደወልም ይጮኻል፤ ሠራተኛዋም ሌላውን ሁሉ ትታ ታነሣዋለች። ነገሩ ሲታሰብ ከገጠራችን «ኡኡ!» የተለየ አይደለም፤ ሌላውን ሥራ ሁሉ አስትቶ የሚያስነሣ ጩኸት ነው። ልዩነቱ ጩኸቱ በሽቦ መሄዱና የሚሰማው ሰው ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠ መሆኑ ነው።

የአባባ መልስ

አሁን ወደ አባባ መልስ ልመለስ። «ማን እንደሚመጣ ሳናውቅ አንጠራም» ያሉበትን ምክንያት ያወጉኝ ቡና ተፈልቶ፥ ልጆች ወደ ውጭ ከወጡ በኋላ ነው።

ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መውደቅ በኋላ፥ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የቀበሌ ማኅበራት ተቋቋሙ። መጀመሪያ ሥራቸው የቤት ኪራይና የአካባቢ ጕዳይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የጦር መሣሪያ ተሰጣቸው፤ ሰው የሚይዙበት፥ የሚያስሩበትና የሚመረምሩበት ሥልጣን በእጃቸው ገባ። ታጣቂዎቻቸው አብዮት ጠባቂ ተባሉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው ቀይ ሽብር ሰዓት እላፊ በታወጀበት ጨለማ፥ በመንገድ ላይ ለመሄድ የሚችለው የታጠቀ ሰው ብቻ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ከተማዪቱ በሙሉ ቤት ለቤት ተፈተሸች። ስለ 12 ሰዓት የተጻፈው ሕግ ከመጽሐፉ አልተፋቀም፤ የሚያስታውሰው ግን አልነበረም።

አባባ ያን ጊዜ ጐልማሳ ነበሩ። በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት በራቸው ተንኳኳ። የመጡት ሰዎች ስማቸውን አልተናገሩም፤ ከወዴት እንደ መጡም አልገለጡም። ታናሽ ወንድማቸውን «ለጥያቄ ነው፥ አሁን ይመለሳል» ብለው ወሰዱት። አልተመለሰም። «እናቴ ኡኡ ብላ ጮኸች» አሉኝ አባባ፤ «የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ማንም ግን መብራት አላበራም። አልፈርድባቸውም። እኔም በሌላው ሌሊት የሌላውን እናት ጩኸት ሰምቼ መብራት አጥፍቻለሁ።»

ከዚህ ቃል በኋላ ለረዥም ጊዜ ዝም አልን። በቀድሞው ዘመን ጩኸት ሰምቶ አለመድረስ ነውር እንደ ነበረ ከላይ ጽፌአለሁ። በቀይ ሽብር ጊዜ የጠፋው የሰው ሕይወት ብቻ አይደለም፤ ለዘመናት የኖረው የጎረቤት ደራሽነትም አብሮ ቆሰለ። በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾቹን ፎቶግራፍ ያሳያል። መብራት አጥፍቶ የተቀመጠው ጎረቤት ግን ፎቶግራፍ የለውም፤ እሱም የዚያው ዘመን ጕዳተኛ ነው።

«ጠባቂ» የሚለው ቃል ራሱ በዚያን ጊዜ ተበላሸ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ስልክ በኪሱ እያለ በሌሊት ለመደወል ቢያመነታ፥ አላዋቂነት ነው ብለን እንዳንስቅበት ይገባል። የሚያውቀውን ስላወቀ ነው።

የዛሬው ሥርዓትና የእኛ ድርሻ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው ቤቱ፥ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር የመጠበቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ የደነገገው የብርበራ ሰዓትም መታወቅ ያለበት ነገር ነው። በመንደሮቻችን ነዋሪው በየወሩ ገንዘብ አዋጥቶ የሌሊት ጥበቃ የሚቀጥርበት ልማድ በስፋት ይታያል፤ ፖሊስም ከነዋሪው ጋር አብሮ የመሥራትን መንገድ ይዟል። ይህ ሁሉ ሲታይ የቀድሞው የጎረቤት ጥበቃና የኋለኛው የሕግ ጥበቃ እንደገና ለመገናኘት መንገድ የጀመሩ ይመስላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፥ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ጎረቤት ብቻውን ሲሆን በንዴት ሰውን እስከ መግደል ይደርሳል፤ ፖሊስም ብቻውን ሲሆን ቤቱን ለማግኘት እንኳ ይቸገራል።

ቤት ስለ ማግኘት ከተነሣ አንድ የተማርሁትን ልናገር። በዚያ ሌሊት በስልክ ያነጋገረኝ ፖሊስ፥ «ወዴት ነህ?» ሲለኝ የቤት ቍጥሬን ነገርሁት፤ ቍጥሩ ግን አልረዳውም። በከተማችን ሰው መንገድ የሚያውቀው በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ፥ በወፍጮ ቤትና በታክሲ መቆሚያ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አባወራና እማወራ ቤቱን በጨለማ ለማያውቅ ሰው በሦስት ዐረፍተ ነገር ለማስረዳት አስቀድሞ ቢያጠና መልካም ነው። መጀመሪያ ሰፈሩን፥ ቀጥሎ ሁሉ የሚያውቀውን ምልክት፥ በመጨረሻም ከምልክቱ እስከ በሩ ያለውን መንገድ ይናገር። ልጆችም ይህንን እንደ ፊደል ቢያጠኑት ይጠቅማቸዋል። ፍርሃት አንደበትን ያስራልና፥ በፍርሃት ጊዜ የሚነገረው በሰላም ጊዜ የተጠናው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ እሱም ፖሊሶቹ ሲመጡ የሆነው ነው። ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሳጅን ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ ሁላችንም በግቢው ውስጥ ቆመን ነበር። ሳጅኑ ግን ከደጁ ላይ ቆመ። ስሙንና ከየት ጣቢያ እንደ መጣ ተናገረ፤ ከዚያም፥ «የደወለው ማን ነው? እንግባ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ በድንጋጤ ላይ ስለ ነበርሁ ነገሩን ልብ አላልሁትም። አባባ ግን ልብ ብለውት ኖሯል።

ቡናው ካለቀ በኋላ ለመሄድ ስነሣ፥ «ያ ልጅ ደጅ ቆሞ ጠየቀ አይደል?» አሉኝ። «አዎ፥ ጠየቀ» አልሁ። «ስሙንም ተናገረ» አሉ። ጥቂት ካሰቡ በኋላም ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ «እስቲ ያንን ቍጥር ጻፍልኝ። መነጽሬ አሁን የለም» አሉ። ጻፍሁላቸው።

እንግዲህ ለልጄ ጥያቄም ለአባባም ሥጋት መልሱ ይህ ይመስለኛል። በሌሊት የምንጠራው ጠባቂ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ሲጠራ ፈጥኖ መድረስ፥ ሲደርስም ደጅ ቆሞ ስሙን ተናግሮ ፈቃድ መጠየቅ። የመጀመሪያው በመኪናና በስልክ ይገኛል። ሁለተኛው ግን የሚገኘው በሕግ፥ በትምህርትና በብዙ ሌሊቶች ልማድ ነው። በኮልፌም ሆነ በሌላው ሰፈር በአንድ ሽማግሌ ስልክ ውስጥ አንድ ቍጥር እንዲጻፍ ያደረገው፥ ሳጅኑ ከመድረሱ ይልቅ ከደጅ መቆሙ ነው።